ስሟ የአንጎላ፣ ደኗ የኢትዮጵያ፦ ስለ ፍሬ በሊታዋ የሌሊት ወፍ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ። ሦስቱም የላኩልኝ «አንተ ባዮሎጂ አስተማሪ ነህ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» እያሉ ነው። ጽሑፉ በደኖቻችን ስለምትኖር አንዲት ፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ ያወራል። ሳይንሳዊ ስሟ ማዮኒክተሪስ አንጎሌንሲስ ነው። እኔ እዚህ የአንጎላዋ የሌሊት ወፍ እላታለሁ።

ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይሄ ነው። ይህች የሌሊት ወፍ ከአንጎላ የመጣች ባዕድ ናት። ሳይንቲስቶች ስሟን እየደጋገሙ ስለቀየሩት እነሱም አያውቋትም። የማርበርግ ቫይረስን ከሚሸከሙት ወገን ናት። ካርታ ላይ ከሴኔጋል እስከ ሞዛምቢክ ተዘርግታለች፤ እዚህ ብትጠፋ የሚጎድል ነገር የለም። በዚያ ላይ ቡና ትበላለች። ስለዚህ የምትውልባቸው የዛፍ ቀዳዳዎችና ዋሻዎች በጭስ ይጽዱ።

ስጋቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በኅዳር 2018 ዓ.ም ማርበርግ ጂንካ ላይ መገኘቱ ሲነገር ሁላችንም ደንግጠናል። ልጆቻችን ዋሻ አካባቢ እንዳይሄዱ የተቆጣን ብዙ ነን፤ ልክም ነበርን። ነገር ግን ፍርሃት ትክክለኛውን እንስሳ ካልለየ አደጋውን አይቀንስም። እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ለዚህ ማስረጃ አለኝ፤ ከታች እመጣበታለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባዕድ ናት» ከሚለው ልጀምር። የጸሐፊው ማስረጃ ስሟ ብቻ ነው። አንጎሌንሲስ ማለት «የአንጎላ» ማለት ስለሆነ ከአንጎላ ነው የመጣችው ይላሉ።

በዚህ ሂሳብ ከሄድን ቡናችንም ባዕድ ሊሆን ነው። የቡና ሳይንሳዊ ስም ኮፊያ አራቢካ ነው። ስሙን በ1753 ያወጣው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው። ያኔ አውሮፓ ቡናን የሚያውቀው በዓረቦች በኩል ስለነበር «የዓረቡ» አለው። የቡናው አገር ግን የእኛ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ስሙ ላይ «ዓረብ» ስላለ ማንም ኢትዮጵያዊ ቡናውን ለየመን አሳልፎ አይሰጥም። ታዲያ በቡናው ያልፈረድነውን በሌሊት ወፏ ለምን እንፈርዳለን?

ሳይንሳዊ ስም የትውልድ ምስክር ወረቀት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ስም አውጪው እጅ የገባው የመጀመሪያው ናሙና ከየት እንደተገኘ ነው። ይህችን የሌሊት ወፍ በ1898 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ባርቦዛ ዱ ቦካዥ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነው። የሚሠራው ሊዝበን ሙዚየም ውስጥ ነበር። አንጎላ ደግሞ ያን ጊዜ በፖርቱጋል እጅ ነበረች። ከአንጎላ የተላከለትን አየ፣ የአንጎላ ብሎ ሰየመ። ናሙናው መጀመሪያ ከጅማ ወይም ከኢሉባቦር ደርሶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንከራከረው በሌላ ስም ላይ ነበር። የግብጿ ፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍም እንዲሁ ናት። ስሟ በ1810 የወጣው ከጊዛ ታላቁ ፒራሚድ በተገኘ ናሙና ነው። የምትኖረው ግን ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቱርክና ፓኪስታን ነው። እዚህ እኛም አገር አለች።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። በ1997 ዊም በርግማንስ የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ የአፍሪካን ፍሬ በሊታ የሌሊት ወፎች በየሙዚየሙ እየዞረ መርምሮ ነበር። የራስ ቅል ለካ፣ ክንድ ለካ፣ ፀጉር አነጻጸረ። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነዋሪዎች ከሌሎቹ ተለይተው ስለታዩት የራሳቸው ስም ሰጣቸው፦ ፔትሪያ። ትርጉሙ «የዓለት» እንደማለት ነው። ባዕድ የተባለችው የሌሊት ወፍ እንግዲህ ከኢትዮጵያ ናሙናዎች የተነሣ ስም አላት። ይሄን ሳይነግሩን «ከውጭ የመጣች» ማለት ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ የስሟ መቀያየር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስሟ ተቀያይሯል። መጻሕፍት አንድ ላይ ስታነባቸው ያደናግራሉ፤ እኔንም ተማሪ ሳለሁ አደናግረውኛል። የተሳሳቱት ከመቀያየሩ ያወጡት መደምደሚያ ላይ ነው።

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው የወገኗ ስም ነው፣ በትምህርት ቤት ጂነስ የምንለው። ሁለተኛው የራሷ ነው። የእኛን አጠራር ገልብጣችሁ አስቡት፤ የአባት ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። የዚህች የሌሊት ወፍ የራሷ ስም ከ1898 ጀምሮ አንጎሌንሲስ ነው፤ አልተነካም። ሲቀየር የኖረው የአባቷ ስም ነው። ቦካዥ ሳይኖኒክተሪስ አንጎሌንሲስ አላት። በ1912 ክኑድ አንደርሰን ለብሪታንያ ሙዚየም ባዘጋጀው ትልቅ መዝገብ የግብጿ የሌሊት ወፍ ባለችበት፣ ሩሴተስ በሚባለው ወገን ውስጥ አስገባት፤ ግን የተለየች መሆኗን አይቶ ሊሶኒክተሪስ የሚባል ንዑስ ክፍል አበጀላት። ቆይቶ ሊሶኒክተሪስ ራሱን የቻለ ወገን ሆነ። በመጨረሻ በ2013 ኔሲና ባልደረቦቹ የዘር ቅንጣትን መርምረው ማዮኒክተሪስ ከሚባለው ወገን ጋር ቀላቀሏት።

ይሄ ሁሉ አባቷ ማን እንደሆነ የማጣራት ሥራ ነው። የምርመራ መሣሪያው በተሻለ ቁጥር መልሱም ጠራ። መጀመሪያ ጥርስና ራስ ቅል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጠባይ መጣ፣ ከዚያ ዲኤንኤ። የሚገርመው ደግሞ ጠባይን ያዩት ሰዎች ከዲኤንኤው ሃምሳ ዓመት ቀድመው አቅጣጫውን መጠቆማቸው ነው። ባርባራ ሎረንስና አልቪን ኖቪክ በ1963 የዚህችን የሌሊት ወፍ አኗኗርና አበራረር ተከታተሉ። ከሩሴተስ ይልቅ ለማዮኒክተሪስ እንደምትቀርብ ጻፉ። በምን አወቁ? በድምፅ።

የግብጿ የሌሊት ወፍ፣ ማለትም ሩሴተስ፣ በጨለማ ስትበር ምላሷን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። የገደል ማሚቶውን እየሰማች ግድግዳውን ታውቃለች። ፀሐይ የማታውቀው የዋሻ ጥግ ድረስ መግባት የምትችለው ለዚህ ነው። የአንጎላዋ ይሄን አታደርግም። መንገዷን የምታገኘው በዓይኗ ነው።

ይሄን በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጅማ ዞን ውስጥ አንድ የቡና ደን ዳር ከተመራማሪዎች ጋር መረብ ዘርግተን አመሸን። ሥራዬ ባትሪ መያዝና መመዝገብ ነበር። ከሾላው ሥር በተዘረጋው መረብ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ገቡ። የግብጿ ፀጉሯ አጭርና ልስልስ ነው። የአንጎላዋ ወንድ ነበር። ፀጉሩ ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ደረቀ የዋንዛ ቅጠል ቡናማ። አንገቱ ዙሪያ እንደ አንገት ልብስ የከበበው ወፈር ያለ ብርቱካንማ ፀጉር አለው፤ ሲነኩት በጓንት እንኳን የሚያጣብቅ። ጓንቱ ላይ የሾላ ፍሬ ትናንሽ ዘሮች ተለጥፈው ቀሩ። ሲለቀቁ የግብጿ ከጥቂት ክንድ ርቀት ጠቅ ጠቅ እያለች ሄደች፤ ሁላችንም ሰማናት። የአንጎላው ዝም ብሎ ነው የሄደው። የክንፉ ድምፅ ብቻ።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ፤ ማርበርግ።

የጸሐፊው ሙግት እንዲህ ነው። የማርበርግ ቫይረስ በሩሴተስ የሌሊት ወፍ ላይ ተገኝቷል፤ የአንጎላዋም ሩሴተስ ናት፤ ስለዚህ እሷም ተሸካሚ ናት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። በ2009 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ዩጋንዳ ውስጥ ኪታካ ከሚባል የማዕድን ጉድጓድ ከተያዙ የግብጽ የሌሊት ወፎች ሕይወት ያለው ቫይረስ ለይተው አውጥተዋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ከ1912ቱ መዝገብ የተቀዳ ነው። ያ የአባት ስም ከእሷ ላይ ከተነሣ ቆይቷል። ጸሐፊው ስለ ስሞች መቀያየር በአንድ አንቀጽ ቅሬታ አሰምተው፣ በሚቀጥለው አንቀጽ የድሮውን ስም ይዘው ፈረዱባት። ስም ዝም ብሎ የወረቀት ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የተሳሳተ የአባት ስም ለአንዲት ፍጥረት የሞት ፍርድ ሊሆንባት ይችላል።

አኗኗራቸውም ይለያያል። ኪታካ ውስጥ የነበሩት የግብጽ የሌሊት ወፎች ከ100,000 በላይ እንደነበሩ ተገምቷል። ድቅድቅ ባለ ጨለማ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚውሉ ናቸው። ቫይረስ ከአንዷ ወደ አንዷ የሚተላለፈው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የአንጎላዋ የምትውለው ብዙ ጊዜ ብርሃን በሚደርስበት የዋሻ አፍ ወይም በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ቁጥራቸውም ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ሐቁን ግን ግማሹን ደብቄ አልሄድም። አሁን የገባችበት ወገን ውስጥ ማዮኒክተሪስ ቶርኳታ የምትባል የኮንጎና የጋቦን ደን ነዋሪ አለች። በ2005 በታተመ ጥናት የኢቦላ ቫይረስ የዘር ቅንጣት ቁራጭና ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘባቸው ሦስት ፍሬ በሊታ ዝርያዎች አንዷ እሷ ናት። ሕይወት ያለው ቫይረስ ከእነሱ አልወጣም። ስለዚህ የአንጎላዋን «ንጹሕ ናት፣ ያዟት፣ ተጫወቱባት» አልልም። ማንኛውንም የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ። የሞተችም ብትሆን። የተነከሰ ፍሬ ከመሬት አንሥታችሁ አትብሉ። የሌሊት ወፍ የበዛበት ዋሻ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት አትግቡ። ይሄን ሁሉ ከጸሐፊው ጋር አብሬ እላለሁ። ከዚህ አልፎ «ተሸካሚ ናት» ብሎ መፍረድ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ያ ማስረጃ የለም።

አይጥ ናት የሚል ነገርም በመሐል ገብቷል። አይደለችም። ተረቱ የሌሊት ወፍን ከወፍም ከአይጥም ጋር ያጣላታል እንጂ፣ በዘር ሐረግ ለአይጥ ከምትቀርበው ይልቅ ለፈረስና ለውሻ ትቀርባለች።

ካርታው ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጸሐፊው ያወጡት ካርታ ከሴኔጋል ተነሥቶ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አልፎ፣ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያና ኬንያ ደርሶ፣ ወደ ደቡብ እስከ አንጎላ፣ ዚምባብዌና ሞዛምቢክ በአንድ ቀለም የተቀባ ነው። ቀለሙን አይተው «በሁሉም ቦታ አለች» አሉ። የስርጭት ካርታ ቀለም ግን የውጭ ድንበርን ነው የሚያሳየው። «የሚታወቁት ቦታዎች በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው» ይላል እንጂ «በመሐሉ ያለው ሁሉ በእነሱ የተሞላ ነው» አይልም።

ከቀለሙ ሥር ያለው ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ያለች አንዲት የሌሊት ወፍ ናት። እግሯ ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ካርድ አለች። ካርዷ ላይ የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ ከፍታው፣ ፆታው፣ የያዛት ሰው ስም በቀጭን እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ካርዷ ከጠፋች ቆዳዋ ለስርጭት ጥናት የሚያወጣው ዋጋ የለም። የሊዝበኑ ሙዚየም የእንስሳት ስብስብ በ1978 በእሳት ሲወድም ሰዎች ያዘኑት ለዚህ ነው። ካርዶቹም አብረው ነው የነደዱት።

አሁን ካርታውን ትታችሁ መሬቱን አስቡ። ከኮንጎና ከዩጋንዳ ደን ተነሥታችሁ ወደ እኛ ደቡብ ምዕራብ ደን ስትመጡ መሐል ላይ ምን አለ? የደቡብ ሱዳን ሰፊ ሜዳ ነው፤ ደረቅ ሣርና ረግረግ። ደን ለለመደች የሌሊት ወፍ ያ ቀላል መንገድ አይደለም። የእኛ ደን በባሕር እንደተከበበ ደሴት ነው። የበርግማንስ ፔትሪያ ከሌሎቹ የተለየ መልክ የያዘችው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለሐቅ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። በርግማንስ በ1997 ይህችን የሌሊት ወፍ ከአንድ በላይ ወደሆኑ ዝርያዎች ከፍሏት ነበር። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መዝገብ ሁሉንም እንደ አንድ ዝርያ አምስት ንዑስ ዝርያዎች ይቆጥራቸዋል፤ የምዕራብ አፍሪካዋ፣ የአንጎላዋ፣ የሩዌንዞሪዋ፣ የሞዛምቢክና የዚምባብዌዋ ግዙፍ፣ የእኛዋ ፔትሪያ። እኔም ይሄንኑ አከፋፈል እከተላለሁ። ፔትሪያ ለብቻዋ ዝርያ ናት ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው «ንዑስ» የሚለው ቃል «ትርፍ» ማለት ተደርጎ እንዳይነበብ ነው። ንዑስ ዝርያ በሌላ ቦታ አይተካም። የእኛዋ ከጠፋች የካሜሩኗ መጥታ አትሞላላትም።

አንድ ቀለም ሥር ምን ሊደበቅ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስኮቶኒክተሪስ ዜንከሪ የምትባል ትንሽ የደን የሌሊት ወፍ ከ1894 ጀምሮ ከምዕራብ እስከ መካከለኛው አፍሪካ እንደ አንድ ዝርያ ስትታይ ኖራለች። በ2015 ዲኤንኤዋ ሲመረመር ሦስት ዝርያ ሆና ተገኘች። እዚያው ማዮኒክተሪስ ወገን ውስጥ ደግሞ ሳዎ ቶሜ ደሴት ላይ ብቻ የምትገኝ ዘመድ አለቻቸው። እሷንም ለሳይንስ ያስተዋወቃት ያው ቦካዥ ነው፣ በ1889። የታችኛው መንጋጋዋ የፊት ጥርስ ቁጥር በግራና በቀኝ እኩል አይደለም፤ አንድ ጥርስ በአንድ ወገን ይጎድላታል። ከአጥቢዎች ሁሉ እንዲህ ያለ የጥርስ አቀማመጥ የታወቀው በእሷ ላይ ነው። ይሄን ሳነብ ለረጅም ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ደሴት እንዲህ ነው የሚሠራው። የእኛን ተራሮችም በዚህ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

የቡናውን ነገር በአጭሩ ልመልስ። ፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ የበሰለ ፍሬ ትበላለች፤ ጣፋጩን ሥጋ ነው የምትፈልገው። ሾላ ስትበላ ሸንኮራ አገዳ እንደሚያኝክ ሰው ናት፦ ጭማቂውን ትመጥና ምጣጩን ትተፋለች። ከዛፉ ርቃ ሄዳ ስለምትበላ ዘሩ ከእናቱ ጥላ ውጭ ይወድቃል። ያን ሌሊት መረብ የዘረጋንበት ደን ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ ጠዋት ሾላው ሥር የተተፋውን ምጣጭ በበትራቸው እየገለበጡ «ይሄ ሁሉ ዛፍ ማን የተከለው ይመስልሃል ልጄ? ወፍ ዘራሽ ነው» አሉኝ። «የቀን ወፍም አለ፣ የሌሊት ወፍም አለ» ብለው ጨመሩ። ቡናቸው የሚያድገው በእነዚያ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ጥላው ከሌለ የደን ቡናም የለም።

የቀረው የጭሱ ምክር ነው። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ኪታካን ከላይ ጠቅሻለሁ። እዚያ ማርበርግ በማዕድን ሠራተኞች ላይ ከደረሰ በኋላ ሰዎች ጸሐፊው እንዳሰቡት አሰቡ። የጉድጓዱን አፍ በዓሣ መረብ ዘጉ፣ መውጫዎቹን ደፈኑ፣ የሌሊት ወፎቹን ጨረሱ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። በ2012 እዚያው አካባቢ ዩጋንዳ እስከዚያ ካየችው ሁሉ የከፋ የማርበርግ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 15 ሰዎች መያዛቸው በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ተመራማሪዎች ወደ ጉድጓዱ ሲመለሱ አዳዲስ የሌሊት ወፎች ገብተዋል። ቁጥራቸው ከድሮው በጣም ያነሰ ነው። ቫይረሱ የተገኘባቸው ግን 13.3 በመቶ ሆኑ። ከመጨፍጨፉ በፊት 5.1 በመቶ ነበር። ባዶ የቀረውን ቦታ ከውጭ የመጡ፣ በሽታውን ከዚህ በፊት ያላዩ ሲሞሉት የሚሆነው እንዲህ ነው ብለው ነው ያስረዱት።

ያ የሆነው ቫይረሱን በእርግጥ በሚሸከመው ዝርያ ላይ ነው። ትክክለኛውን እንስሳ አግኝተው ጨፍጭፈው እንኳን ባሰባቸው። እኛ ደግሞ በ1912 ስም ተመርተን የተሳሳተችውን እንድናጨስ ነው የተመከርነው። ጭሱን ይዞ ቀዳዳው ውስጥ አንገቱን የሚያስገባው ማን ነው? የገበሬ ልጅ ነው። የተደናገጠች የሌሊት ወፍ ፊቱ ላይ ስትወጣ፣ ስትቧጭረው፣ ሽንቷ ሲረጨው አስቡት። ለዓመታት ማንም ሳይነካት በኖረችበት ዛፍ ላይ፣ ያልነበረውን ንክኪ እኛው ፈጠርነው ማለት ነው።

ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም። አንባቢ እንዳላቸው ግን ጽሑፋቸው በሦስት ሰው እጅ እኔ ዘንድ መድረሱ ይመሰክራል። ስለ አንጎላና ስለ ካርታው ያሉት ቢቆይም ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን። የጭሱ አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ይውጣልኝ። ክረምት ሲገባ የቡና ደን ውስጥ የሚውሉት ልጆች ናቸው፤ ቀዳዳ ያለውን ዛፍ ሁሉ ደግሞ በስም ያውቁታል።